ጭሱ ጠፋ ያልንበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ኢድሪስ ከአጎቱ የወረሰውን አሮጌ ላንድሮቨር ለማስነሳት ግቢው ውስጥ ይታገል ነበር። አሶሳ የባጃጅ ከተማ ከሆነች ቆየች፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሲያስል ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቱፍ ቱፍ ብሎ ይጠፋል። የሰፈሩ ወንዶችም እንደ ልማዳቸው ኮፈኑን ከበውታል። መኪና ሲታመም ሐኪም የማይሆን ወንድ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንዱ "ካንዴላው ነው" ይላል፣ ሌላው "ባትሪው ደክሟል" ይላል፤ ከእኔ ጋር ጡረታ የወጣው የታሪክ መምህር ደግሞ ከብስክሌት ሌላ ነድቶ የማያውቀው ሰውዬ "ካርቡራቶሩ ቤንዚን አብዝቷል" ብሎ ፈረደ። ትንሽ ልቀልድባቸው ብዬ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

በራቸው ጋ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቀና ስል የኢድሪስ ሁለት ትንንሽ ልጆች መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው፣ በሩን በላያቸው ዘግተው፣ በመስታወቱ ምላሳቸውን እያወጡ ይስቁብኛል።

"አውርዷቸው! በሩን ክፈቱት!" ብዬ ስጮህ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

"ምን ሆኑ ቲቸር? እየተጫወቱ እኮ ነው" አለ ኢድሪስ።

"አውርዳቸው አልኩህ!"

አወረዳቸው። ያወረዳቸው አምኖኝ ሳይሆን አክብሮኝ ነው። የታሪክ መምህሩ "እርጅና ነው" በሚል ዓይን አየኝ። እኔም ምንም ሳላስረዳ ወደ ቤቴ ተመለስኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ልጻፈው።

ያኔ የምንኖረው ባምባሲ ነው። ወላጆቼ ከወለጋ መጥተው እዚያ ጎጆ የወጡ ገበሬዎች ናቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመምህራን ማሠልጠኛ እስኪጠራኝ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ አንድ ነገር በተፈለገ ቁጥር የምጠራው እኔ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ጫልቱ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ነገሩ ስለጠናባት አሶሳ ሆስፒታል ተወሰደች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ልናመጣት አባባ፣ አዳዳ ዲንቂቱና እኔ ከባሏ ከገመቹ ጋር በእሱ ላንድሮቨር ሄድን። በእኛ ቤት የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። አዳዳ ዲንቂቱ ካሉበት ቦታ ደግሞ ከእሳቸው በቀር አዛዥ የለም።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ማለት አለብኝ። "ገመቹ እህታችንን ከማግባቱ በፊት ያገባት እሷን ነው" እያልን እናሾፍበት ነበር። ቀለሟ ሣር የመሰለ፣ ኋላዋ ሸራ የለበሰ፣ በቤንዚን የምትሠራ አሮጌ ነበረች። እህልና ማር እየጫነ ከገበያ ገበያ ይዞርባታል። መካኒክ እንዲነካት አይፈቅድም። ራሱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣትና በሽታዋን ይናገራል። ብዙ ጊዜም ልክ ነበር፤ ሐቁን መካድ አልፈልግም።

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የማንጎ ወቅት። ከባምባሲ አሶሳ ያለው መንገድ ያኔ ቀይ አፈር ነበር፤ አንድ የጭነት መኪና ካለፈ በኋላ አቧራው እስኪወርድ መንገዱ አይታይም። ዝናቡ ገና ስላልጀመረ ሙቀቱ ጠዋትም አያዝንም። በዚያ መንገድ ላይ የገመቹ መኪና እየተደናቀፈች ነበር የምትሄደው። ጋዝ ሲሰጣት ትዘገያለች፣ ቀጥ ስትል ትጠፋለች፣ ከኋላዋ ደግሞ የከሰል ምድጃ የተገለበጠ ይመስል ጥቁር ጭስ ትተፋለች። መሐል መንገድ ላይ አቁሞ አንዱን ካንዴላ ፈታና ለአባባ አሳየ። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል።

"አዩ አባ? ቤንዚን በዝቶባታል። አየር አነሳት። አሶሳ ስንገባ አስተካክላታለሁ" አለ።

አባባ ስለ በሬ እንጂ ስለ ካንዴላ አያውቁም፤ ግን እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሶሳ መግቢያ ላይ አንድ ቦይ ስንሻገር ድንጋይ ከሥር በኃይል ገጨን። ገመቹ "ምንም አይደለም" ብሎ ነዳ። እኛም ምንም አይደለም አልን።

ሆስፒታል ግቢ እንደደረስን እኛ ወደ ጫልቱ ሄድን፤ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ካርቡራቶሩ ላይ አጎነበሰ። ጫልቱ ግንባሯ ላይ ሻሽ አስራ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ግን እየሳቀች አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኗ እጅግ ትንሽ ናት፤ ሳያት ዓይኔ እንባ ሞላ። ሻንጣውን ይዤ ስወጣ ገመቹ ሞተሩን አስነስቶ ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በደስታ እያየ ነበር።

"ነይ እዪ! ጭሱ ጠፋ! አንድም ጭስ የላትም!"

እውነትም አልነበራትም። ድምጿ ግን ጠዋት ከነበረው ብሶ ነበር፤ ከሆዷ ውስጥ እንደሚያጓራ ሆኗል። እንቅጥቃጤዋም አልለቃትም። ይህን ስለው፣ "አየር ስላገኘች ነው፤ አሁን ነው በደንብ የምትተነፍሰው። ትንሽ ስትሄድ ይለቃታል" አለኝ። ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት አይቼ ተውኩት።

ከዚያ የአዳዳ ሥራ ጀመረ። አራስ ነፋስ አያገኛትም፣ ፀሐይ አያያትም፣ ክፉ ሽታ አይደርስባትም፤ ምች ይመታታል። ይህን የማያውቅ በአካባቢያችን የለም፤ ዛሬም እህቴ እንኳ ሳትቀር ሁሉም ያምናል። አዳዳ ከባምባሲ ብርድ ልብስ፣ ጋቢና የመርፌ ቁልፍ አስጭነው ነበር የመጡት። ሸራውን በውስጥ በኩል በብርድ ልብስ ዙሪያውን ለበጥነው። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ጋቢ ወጠርን። የኋላውን መዝጊያ ሸራ አውርደን ገመዱን አጠበቅን። የቀረችውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቅን። ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ ጫልቱ ልጇን ታቅፋ ተኛች፤ አዳዳ ጤና አዳም በእጃቸው ይዘው ራስጌዋ፣ እኔ ግርጌዋ ተቀመጥን። አባባና ገመቹ ከፊት ናቸው። ስንነሳ በዚያ ጨለማ ውስጥ የጫልቱ ጥርስ ብቻ ይታየኝ ነበር።

ብዙም ሳንርቅ ሽታው መጣ። አዳዳ ጤና አዳሙን በጫልቱ አፍንጫ ላይ ያዙና ተቆጡ።

"ሽታ ገባ! በየት በኩል ነው የተከፈተው? ፈልጊ!"

በእጄ ዳበስኩ። በጎን በኩል ብርሃን የምታስገባ አንዲት ክፍተት አገኘሁና ሻሼን ፈትቼ ጠቀጠቅኳት። ሽታው አልቀነሰም። ሌላ ፈለግን፤ ሌላም ዘጋን። ጫልቱ "ራሴን አመመኝ" አለች፤ አዳዳ "ምች ሊጀምርሽ ነው፣ ተሸፈኚ" ብለው ጋቢ ደረቡላት። የእኔም ጭንቅላት ከውስጥ ይወቅረኝ ጀመር። ጠዋት የበላሁት ቂጣ ወደ ላይ መጣ። የፊቱን ጋቢ ገለጥ አድርጌ "አባባ፣ ሊያስመልሰኝ ነው" አልኩ። ገመቹ አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋውም፣ ከጠፋ አይነሳም ብሎ።

ወርጄ ከመንገዱ ዳር አንድ የቀርከሃ ጥሻ ሥር አስታወኩ። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ዓለም ቀስ እያለች ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያ ነፋስ ምን ያህል እንደጣፈጠኝ አልረሳውም። ከኋላ አዳዳ "መዝጊያውን እሰሩት፣ ነፋስ እየገባ ነው!" ሲሉ ይሰማኛል። አባባ ወርደው አሰሩት።

"ይቺ ልጅ መኪና አልለመደችም። ነይ፣ ከእኛ ጋር ፊት ተቀመጪ" አሉኝ።

የገመቹ መስኮት ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ ነፋሱ እንደልቡ ይገባል። እኔም ዳንኩ። የዳንኩት ሆዴ ደካማ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ገመቹ ከሞተሩ ጋር መከራከሩን ቀጠለ። ዳገት ላይ እየታነቀች፣ ሜዳ ላይ እየተንገጫገጨች ትንሽ ከሄደች በኋላ ትላልቅ የማንጎ ዛፎች ያሉበት መንደር አጠገብ ልትጠፋ ሆነች። ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ። አንዱን ካንዴላ ነቅሎ በብርጭቆ ወረቀት ጠረገ፣ መለሰ፣ ሌላውን ነቀለ። ከዚያ አስነስቶ ለረጅም ጊዜ እያጓራች እንድትቆም ተዋትና ያዳምጣት ጀመር። በየመሐሉ ወደ ኋላ ሄዶ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ያያል።

"ንጹሕ ናት! ካርቡራቶሩ ተስተካክሏል፤ እንግዲህ የቀረው ካንዴላው ነው" ይላል።

ከኋላ ምንም ድምፅ የለም። ለአባባ ነገርኳቸው።

"ተኝተዋል። አትረብሻቸው፣ ይረፉ" አሉኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ከዛፎቹ ሥር መጣች። ትከሻዋ ላይ ያጋደመችው ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ማንጎ የሞላ ቅርጫት አንጠልጥሏል። የቤርታ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ የእናቴን ያህላል። ማንጎ አሳየችን፤ አባባ "አራስ ይዘን ነው፣ ቸኩለናል" አሏት። ፊቷ በራ። ዘንጉን አወረደችና እጄን ይዛ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛዋ ተናገረችኝ።

"ወላሂ? አንተ ልጅ፣ ሕፃን አሳየኝ! ማሻ አላህ ልበል፣ ልሂድ።"

ሳትጠብቅ ወደ ኋላ ሄዳ የመዝጊያውን ገመድ መፍታት ጀመረች። እኔ የአዳዳን ቁጣ ጠበቅሁ። አዳዳ የማያውቁት ሰው ዓይን ሕፃን ላይ እንዲያርፍ የሚፈቅዱ ሴት አይደሉም፤ የገዛ ጎረቤታቸውን እንኳ በዚህ ጉዳይ ከበር መልሰዋል። ሸራው ተነሳ። ቁጣ አልመጣም። ሰውነቴ ከአእምሮዬ ቀድሞ ነገሩ ገባው።

"አዳዳ!" ብዬ ሮጥኩ።

ውስጡን ሳይ መጀመሪያ የታየኝ የእህቴ ፊት ነው፤ አምሮባት ነበር። ሆስፒታል ገርጥታ ያየኋት ልጅ ከንፈሯ ቀልቶ፣ ጉንጯ ሞቅ ብሎ፣ የጥጋብ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። ለአፍታ ያህል ደስ አለኝ። አዳዳ ግድግዳው ላይ ተደግፈው አፋቸው ተከፍቷል፤ ጤና አዳሙ ጭናቸው ላይ ወድቋል። ሕፃኗ ከእናቷ ክንድ ላይ ተንሸራትታ አንገቷ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። ከፍራሹ ሥር፣ በወለሉ ስንጥቅ በኩል፣ ቀጭን ጥቁር ጭስ እየወጣ ነው።

"ያ ረቢ! ይሄ ሴትዮ አልተኛም!" ብላ ሴትዮዋ ጮኸች።

እንዴት እንዳወረድናቸው አላውቅም። ገመቹ ጫልቱን ተሸክሞ ሣሩ ላይ አጋደማት፤ አባባና እኔ አዳዳን ጎተትን። ሴትዮዋ ሕፃኗን ይዛለች። ከመንደሩ ሰው ሮጦ መጣ። አባባ የእህቴን ፊት በፀሐይ ውስጥ ሲያዩት የባሰ ተደናገጡ።

"ፀሐይ ላይ ናት! ነፋስ ይመታታል! አልብሷት፣ ፊቷን ሸፍኑ!"

ጋቢያቸውን አውልቀው እላይዋ ላይ ጣሉት። ሌላ ሰው የአዳዳን ራስ በነጠላ ጠቀለለ። ሁሉም የሚያደርገው ከልቡ ነው፤ ሁሉም ሊያድናቸው ነው የሚሸፍናቸው። እኔ ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት ሣር ላይ ተቀምጬ ምን እንዳዳነኝ አውቄዋለሁ። ጋቢውን ከጫልቱ ፊት ላይ ጎትቼ አነሳሁት። አባባ መለሱት። እንደገና ጎተትኩት።

"አባባ፣ አይሸፈኑም! ነፋስ ነው የጎደላቸው!"

"እብድ ነሽ? እህትሽን ልትገድያት ነው?"

አባቴን እስከዚያ ቀን ቃል መልሼባቸው አላውቅም። እጃቸውን አነሱብኝ፤ እኔም ጋቢውን ደረቴ ላይ ይዤ "ምቱኝ እንጂ አልሰጥም!" አልኩ። አልመቱኝም። እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሴትዮዋ ሕፃኗን እየፈታች ነበርና ሁላችንም ዞረን አየናት። መጠቅለያውን ሁሉ አውልቃ ጣለችው። ራቁቷን በመዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ነፋሱ ከፍ አደረገቻት፤ ፊቷ ላይ ውሃ እፍ አለችባት፣ ጀርባዋን አሸች፣ በራሷ ቋንቋ እየለመነች እንደገና እፍ አለች። ሕፃኗ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበረች። ገመቹ "ልጄ፣ ልጄ" ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ሞተሩ አሁንም ያጓራል፤ አንድ ሰው እንኳ ሊያጠፋው አላሰበም።

ከዚያ ሕፃኗ አነጠሰች። አነጠሰችና አለቀሰች። ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ ነበር። አባባ መንገዱ ላይ ተንበርክከው አምላክን በኦሮምኛ "ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ" እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ። ቀስ በቀስ አዳዳ አስመለሳቸውና ዓይናቸውን ገለጡ፤ የመጀመሪያ ቃላቸው "ሕፃኗን ማነው ያራቆታት?" የሚል ነበር። ያን ቁጣ በሰማሁ ጊዜ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ጫልቱ ዘገየች። ስትነቃ ምንም አልተናገረችም፤ ልጇን ስንሰጣት ብቻ ከእጃችን ነጥቃ ያዘቻት።

ገመቹ በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋና በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። ያ ድንጋይ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ከመሐል ሰብሮታል፤ የተሰበረው አፍ ልክ ከፍራሹ ሥር ወዳለው ወለል ቀና ብሏል። ጭሱ አልጠፋም ነበር። ገመቹ አቧራው ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ወደ ነቀምቴ የሚሄድ የጭነት መኪና ደርሶልን ሴቶቹን ከላይ በነፋስ ላይ ጭኖ እስኪወስደን ድረስ ከዚያ አልተነሳም። ስንሄድ ሴትዮዋ ከቅርጫቷ ማንጎ እያነሳች ትወረውርልን ነበር። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ገመቹ ያችን መኪና ዳግመኛ አልነዳትም፤ ሌላም አልነዳም። እህል የሚያመላልሰው በአህያ ሆነ። ስለዚያ ቀን በፊቱ የሚያነሳ አልነበረም፤ አዳዳ እንኳ "ምች ነበር" ብለው ሊያልፉለት ሞክረዋል። እሱ ግን ማታ ማታ ተነስቶ ልጁ መተንፈሷን እንደሚያዳምጥ ጫልቱ አንድ ጊዜ ነግራኛለች።

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከኢድሪስ ግቢ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለጫልቱ ደወልኩላት። እዚያው ባምባሲ ናት። ስለ ልጆቹ ነገርኳትና "ያን ቀን ተኝተሽ ባታዪውም፣ እኔ ግን ዛሬ እንደገና አየሁት" አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ" አልኩ።

"ማን ተኝቷል አለሽ?" አለችኝ። "ሁሉንም እሰማ ነበር። ገመቹ 'ንጹሕ ናት' ሲል፣ አባባ 'ተኝተዋል፣ ይረፉ' ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጄ ጡቴን ስትለቅ ተሰምቶኛል። ክፈቱልኝ ልል ነበር፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ጣቴን እንኳ ማንሳት አቃተኝ።"

"ጫልቱ! ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አንድ ቀን ሳትነግሪኝ?"

"ገመቹ እያለ?" አለች። "እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ምንም አልተሰማትም እያለ ነው እኮ እስከ ዕለተ ሞቱ ራሱን ሲያጽናና የኖረው። ይህን ነጥቄው እንዴት ልኑር?"

ገመቹን የቀበርነው ዓምና ነው። እኔ ያን ቀን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ከውጭ ሆኜ ያየሁትን ነው ለካ ስሸከም የኖርኩት። እህቴ ከውስጥ ሆና የሰማችውን ለአንድ ሰው ሰላም ብላ፣ አብራው እየተኛች፣ አብራው እየበላች፣ ትንፍሽ ሳትል ኖረች። ነገ ጠዋት ባምባሲ እሄዳለሁ። ምን እንደምላት አላውቅም፤ አጠገቧ ልቀመጥ ብቻ ነው የምፈልገው።